ነጩ የማንጎ ተባይ በችግኝ እንዳይጓዝ

የክረምት ተከላ ሲቃረብ የማንጎ፣ የአቮካዶና የሌሎች ፍራፍሬዎች ችግኞች ከችግኝ ጣቢያ ወጥተው በመኪና፣ በጋሪና በሸክም ወደየቀበሌው ይጓዛሉ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ከደን ዛፎች ጎን ለጎን ለፍራፍሬ ችግኞችም ቦታ በመስጠቱ በርካታ አርሶ አደሮች ጓሯቸውን በማንጎ መሸፈን ጀምረዋል። ይህ መልካም ጅምር ነው። ሆኖም የችግኙ ንጽሕና ካልተረጋገጠ አርሶ አደሩ ከችግኙ ጋር ለዓመታት የማይለቀውን ተባይ ጭምር ሊተክል ይችላል።

ከእነዚህ ተባዮች አንዱ ነጭ የማንጎ ስኬል ነው። ተባዩ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ዞን ጉቶ ጊዳ ወረዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ በምዕራብ ኦሮሚያ ብቻ ሳይወሰን ቤኒሻንጉል ጉሙዝን ጨምሮ ወደ ሌሎች ማንጎ አምራች አካባቢዎች ተዛምቷል። ያደገችው ሴት ተባይ ክንፍም እግርም የላትም፤ ከተጣበቀችበት ቅጠል ሳትነቃነቅ ትሞታለች። ታዲያ ተባዩ ይህን ያህል ርቀት እንዴት ተጓዘ?

ከእንቁላል የሚወጡት ጫጩቶች ለአጭር ጊዜ መዳህ ይችላሉ፤ ነፋስም ከዛፍ ወደ ዛፍ ይወስዳቸዋል። ከወረዳ ወረዳ፣ ከዞን ዞን የሚያሻግራቸው ግን በዋናነት ሰው ነው። የተጠቃ ችግኝ፣ ለማዳቀል የተቆረጠ ቅርንጫፍ፣ ቅጠሉ ያልተለየ ፍሬ፣ ፍሬ የተጫነበት ሣጥንና ጆንያ የተባዩ ማመላለሻዎች ናቸው።

ተባዩን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የቅጠሉን ፊትና ጀርባ ማገላበጥ፣ በተለይም የመካከለኛውን ጅማት ዳርና ዳር ማየት ይበቃል። ሴቷ ከ2 ሚሊ ሜትር የማትበልጥ ክብ፣ ነጭና ስስ ሽፋን አላት። ወንዶቹ ቀጫጭንና ረዘም ያሉ ሲሆኑ በአንድ ቦታ ተሰባስበው ስለሚታዩ ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። ዱቄትና አቧራ በጣት ሲታበስ ይለቃል፤ ተባዩ ግን በጥፍር ሲፋቅ ሽፋኑ ይነሳና ከሥሩ ትንሿ ነፍሳት ትታያለች። በአካባቢው ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። በፍሬ ላይ ደግሞ ተባዩ የተጣበቀበት ቦታ ሮዝ ነጠብጣብ ይወጣዋል፤ ፍሬው ሲበስልም አይጠፋም።

ጉዳቱ የሚጀምረው ተባዩ የተክሉን ፈሳሽ ሲመጥ ነው። ቅጠል ይረግፋል፣ ጫፍ ቅርንጫፎች ይደርቃሉ፣ አበባና ፍሬ ይቀንሳል፤ ለጋ ችግኝ ደግሞ ይቀጭጫል። የተረፈው ፍሬ ቢበላም ገጹ ስለተበላሸ ነጋዴ ዋጋውን ይሰብራል ወይም ጨርሶ አይገዛውም። ስለዚህ አርሶ አደሩ የሚከስረው በማሳውም በገበያውም ነው።

ችግሩ ሲባባስ ብዙዎች ወደ ኬሚካል ርጭት ይሮጣሉ። ይሁን እንጂ ርጭት ብቻውን የማይፈታው ሦስት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ ያደገው ተባይ በሽፋኑ ስለሚጠለል በላዩ የተረጨ መድኃኒት በቀላሉ አይደርሰውም፤ በይበልጥ የሚጎዳው ገና የሚድኸው ጫጩት ነው። ሁለተኛ፣ በአገራችን ያለው አብዛኛው ማንጎ ከዘር የበቀለና ረጅም በመሆኑ በጀርባ የሚታዘል መርጫ ጫፉ ላይ አይደርስም። ሦስተኛ፣ ያለ ልክ የሚደረግ ርጭት ተባዩን የሚበሉትን ጥንዚዛዎችና በላዩ የሚራቡትን ጥቃቅን ተርቦች ይገድላል። ደቡብ አፍሪካ እንዲህ ያሉ ተፈጥሯዊ ጠላቶችን ከታይላንድ አስገብታ ማንጎ አብቃዮቿን ማገዟ የእነዚህን ነፍሳት ጥቅም ያሳያል።

በዚህ ረገድ በከተማ ኦርኪድና ሌሎች የቤት አበቦችን የሚያሳድጉ ሰዎች ልማድ ትምህርት ይሰጣል። አበቦቻቸውን የሚያጠቁት ስኬልና ሚሊ በግ የማንጎው ተባይ ዘመዶች ናቸው። ጠንቃቃ አበባ አሳዳጊ አዲስ የገዛውን ኦርኪድ ወዲያው ከሌሎቹ ጋር አይቀላቅልም፤ ለብቻው አቆይቶ የቅጠሉን ጀርባና ሥሩን ይመረምራል። ተባይ ካገኘ አልኮል በነካ ጥጥ ይጠርገዋል። ትልቅ የማንጎ ዛፍን በጥጥ መጥረግ አይቻልም። ለይቶ ማቆየትና መመርመር ግን ይቻላል፤ ቦታውም የችግኝ ጣቢያው ነው።

ሥራው የሚሰናከለውም እዚሁ ላይ ነው። የተከላ ሥራ የሚመዘነው ባብዛኛው በተተከለው ችግኝ ቁጥር ነው። ዝናቡ ሲገባ ሁሉም ይጣደፋል፤ በዚያ ጥድፊያ ችግኝ አገላብጦ የሚያይ አይገኝም። ስለዚህ ምርመራው ለክረምት ሊተው አይገባም። ተባዩ በሞቃት ወቅት አንድ ትውልድ ለመጨረስ አንድ ወር ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ከሌላ ቦታ የመጡ ችግኞች ቢያንስ ለዚህን ያህል ጊዜ ተለይተው ቢቆዩ ተደብቆ የነበረው ተባይ ሊታይ ይችላል። ይህን በመጋቢትና በሚያዝያ የጀመረ ጣቢያ የተከላ ጊዜ ሳያልፈው ንጹሕ ችግኝ ያስረክባል።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የመንግሥትም ሆነ የግል ችግኝ ጣቢያዎችን ከስርጭት በፊት ማስፈተሽ፣ የተጠቃውን ችግኝ ማስወገድ፣ ችግኙ ከየት መጥቶ ለማን እንደተሰጠ መመዝገብ ይችላሉ። ምዝገባው ካለ ተባይ በአንድ ቀበሌ ሲታይ ሌሎቹን ፈጥኖ ማስጠንቀቅ ይቻላል። ጣቢያ ማቋቋሚያው ቦታም ከተጠቃ ማንጎ ሥር መሆን የለበትም።

አርሶ አደሩ በበኩሉ ችግኝ ሲቀበል ቅጠሉን ማገላበጥ፣ ነጭ ነጥብ ያየበትን አለመቀበልና ለልማት ሠራተኛ ማሳወቅ ይኖርበታል። ነባር ዛፍ ያለው ደግሞ ምርት ከተሰበሰበ በኋላ የደረቁና እጅግ የተጠቁ ቅርንጫፎችን ገርዞ እዚያው ማቃጠል፣ ዛፉ ብርሃንና አየር እንዲያገኝ መሐሉን ማሳሳት፣ ቁመቱንም በየጊዜው መቀነስ ይጠቅመዋል። አጥሮ የተያዘ ዛፍ ለለቀማም ለቁጥጥርም ይመቻል። ርጭት ካስፈለገ ባለሙያ ባዘዘው መድኃኒትና መጠን፣ ጫጩቶቹ በሚታዩበት ጊዜ መሆን አለበት። ጎረቤት ዛፉን ሳይገርዝ አንዱ ብቻውን ቢደክም ተባዩ ተመልሶ ስለሚመጣ ሥራው በመንደር ቢቀናጅ ይሻላል።

ቸልታ ምን እንደሚያስከትል ከትግራይ የበለስ ተክል መማር ይቻላል። ኮቺኒያል የተባለው የስኬል ዘመድ ወደዚያ የገባው ለቀይ ማቅለሚያ ምርት ታስቦ ነበር። በቅጡ ሳይሰበሰብ ሲቀር ግን ከታሰበለት ቦታ አልፎ ለሰውም ለከብትም ቀለብ የነበረውን በለስ አጠፋ። እንዲህ ያለ ተባይ አንዴ ከተስፋፋ መመለሻው እጅግ ከባድ ነው። በችግኝ ጣቢያ አንድ ቅጠል ማገላበጥ ግን ከደቂቃ በላይ አይፈጅም።