ስም የሌለው ምስጋና

በአሜሪካ በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሦስት ዓመት ተማሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራዬ የተመለሱ መጻሕፍትን በጋሪ እየገፉ ወደየመደርደሪያቸው መመለስ ነበር። ከዚያ ዘመን ሁለት ምስጋናዎች ትዝ ይሉኛል። አንደኛው በሚያዝያ ወር ለሁላችንም በአንድ ቀን የታደለን የምስክር ወረቀት ነው። «ላሳዩት ትጋት» ይላል፤ ትጋቱ በምን ላይ እንደታየ ግን አይናገርም። ከላይ የተጻፈው ስም የእኔ ሳይሆን የአባቴ ነበር፤ እሱም ፊደል ተሳስቷል። ሁለተኛው በወረቀት አልሰፈረም። የመደርደሪያ ክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ሴት አንድ ምሽት ጋሪዬ አጠገብ ቆም ብለው፣ «ሐሙስ ዕለት ካለቦታው አግኝተህ ያመጣኸውን መጽሐፍ አንድ መምህር ሁለት ወር ሲፈልጉት ኖረዋል። ዛሬ ወሰዱት። ያገኘኸው አንተ መሆንህን ነግሬያቸዋለሁ» አሉኝ።

የምስክር ወረቀቱ የት እንደገባ አላውቅም። የሴትዮዋ ቃል ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ከሁለቱ የተማርኩት ይህን ነው፦ ሠራተኛን ማመስገን የሚጀምረው የሠራውን ከማወቅ ነው። ሥራውን ሳያዩ የሚሰጡት ምስጋና ኬክ ቢቆረስለትም ሰርተፊኬት ቢታተምለትም ከአንገት በላይ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ችግር በቤተ መጻሕፍት የሚብሰው እዚያ የሚሠራው ሥራ ሲሳካ ስለማይታይ ነው። አብዛኞቹ የአሜሪካ ኮሌጆች መጻሕፍታቸውን የሚደረድሩት በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አመዳደብ ነው። የአፍሪካ ታሪክ «ዲቲ» በሚሉ ሁለት ፊደላት ይጀምራል፤ የኢትዮጵያ ደግሞ ከቁጥር 371 አንሥቶ ይገኛል። ከዚያ የደራሲው ምልክትና የኅትመቱ ዓመት ይከተላሉ። ከእነዚህ አንዷን ቁጥር ስቶ የተቀመጠ መጽሐፍ ሕንፃው ውስጥ እያለ ጠፋ ማለት ነው። መዝገቡ «አለ» ይላል፤ አንባቢው ሄዶ ባዶ ቦታ ያገኛል። ስለዚህ አንድ ሰው በየረድፉ እየቆመና እያጎነበሰ የመጻሕፍቱን ጀርባ ቁጥር አንድ በአንድ ማንበብ አለበት። ዓይን የሚያፈዝ፣ አንገት የሚያደርቅ ሥራ ነው። መጽሐፉ በቦታው ሲገኝ አንባቢው ደራሲውን እያደነቀ ይሄዳል። ሲጠፋ ብቻ «እዚህ ቤት ሠራተኛ የለም ወይ?» ይላል።

ከመደርደሪያው ጀርባ ያሉት መዝጋቢዎች ደግሞ ጭራሽ ለዓይን አይታዩም። የኢትዮጵያዊ ደራሲ መጽሐፍ ሲደርሳቸው የእኛ ሰው በአባቱ ስም እንደማይጠራ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁን የሚመዘግቡት በ«ሐዲስ» ነው። በባንክ፣ በሐኪም ቤትና በመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት በአባቱ ስም ሲጠራ የኖረ ስደተኛ፣ እዚያ መዝገብ ላይ የወገኑ ስም ሳይገለበጥ ተጽፎ ሲያይ ልቡ ይረካል። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ይህ ነው፦ ለደራሲ ስም ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ቤት፣ መጽሐፉን ለአንባቢ የሚያደርሰውን ሰው ስም ሳያጣራ ያልፋል።

የተማሪ ሠራተኞቹ ነገር ለብቻው ሊታይ ይገባል። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1964 በፈረሙት የኢኮኖሚ ዕድል ሕግ የተጀመረው የፌዴራል መርሐ ግብር፣ አቅም የሚያንሳቸው ተማሪዎች እየሠሩ እንዲማሩ ያግዛል። በአብዛኛው ከደመወዛቸው እስከ 75 በመቶ የሚሆነውን የፌዴራል መንግሥቱ ይሸፍናል። በተማሪ ቪዛ የሄደ ልጅ ግን ከዚህ ገንዘብ አይደርሰውም። ከግቢ ውጭ እንዳሻው መቀጠርም አይፈቀድለትም፤ የሚፈቀድለት በትምህርት ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ግቢው ውስጥ መሥራት ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር የሄደ ተማሪ የቤተ መጻሕፍቱን በር የሚያንኳኳው ስለዚህ ነው። ለእሱ ያ ጋሪ የኪስ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። በባዕድ አገር የመጀመሪያ አለቃው፣ የመጀመሪያ የሥራ ባልደረቦቹ፣ ስሙን ጠርተው «ትናንት ምነው ቀረህ?» የሚሉት ሰዎች እዚያ ናቸው።

ቋሚ ሠራተኛው ከዚህ የተለየ ኑሮ ይኖራል። በየግንቦቱ ያሠለጠናቸውን ልጆች እየሸኘ፣ በየመስከረሙ ከሀ ጀምሮ እያስተማረ 20 ዓመት ይቆያል። አዲስ የኮምፒዩተር ሥርዓት ሲገዛ፣ የመደርደሪያ ቦታ ሲቀየር፣ የመዝጊያ ሰዓት ሲወሰን ሥራውን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ሳይጠየቅ ተወስኖበት በዓመቱ መጨረሻ የአበባ እቅፍ ቢሰጠው አይጽናናም። ለእሱ ትልቁ ክብር «አንተስ ምን ትላለህ?» መባልና ያለውም ሥራ ላይ ሲውል ማየት ነው።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ምስጋና ሆድ አይሞላም፤ ደመወዝ መጨመር ያልፈለገ አስተዳዳሪ ጭብጨባ ይጨምራል። ይህ ሙግት እውነት አለው። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የሆኑት ፎባዚ ኤታር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ብዙ በተነበበ ጽሑፍ፣ ሙያው እንደ ቅዱስ አገልግሎት መታየቱ ሠራተኛውን እንደሚጎዳው አሳይተዋል። ሥራህ የተቀደሰ ነው የተባለ ሰው ስለ ደመወዙ ማነስና ስለ ድካሙ ቢናገር እንደ ከሃዲ ይቆጠራል። ውዳሴው ራሱ አፉን ይዘጋዋል።

ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ ምስጋና ይቅር ማለት አይቻልም። የሥነ ልቦና ባለሙያው ፍሬድሪክ ኸርዝበርግና ባልደረቦቻቸው በፒትስበርግ አካባቢ 200 ያህል መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን አነጋግረው እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ይረዳናል። የጥናቱ ዘዴ ብዙ ቢተችም መሠረታዊ ሐሳቡ ከሥራ ቤት ልምዴ ጋር ይገጥማል። ሰውን በሥራው የሚያስመርሩት ነገሮች፣ ማለትም የደመወዝ ማነስ፣ የማይረባ አሠራርና ክፉ አለቃ፣ አንድ ወገን ናቸው። የሚያስደስቱት ደግሞ፣ አንድን ነገር ከፍጻሜ ማድረስ፣ ለሠራው ዕውቅና ማግኘትና ሥራው ራሱ፣ ሌላ ወገን ናቸው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ተርቦ የተመሰገነ ሰው ይመረራል፤ በደንብ ተከፍሎት ማንም ያላየው ሰው ደግሞ ልቡ ይሸፍታል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ ደመወዙ ይስተካከል፣ ምስጋናውም በላዩ ይጨመር። የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ቀን፣ በሚያዝያ በሚውለው የቤተ መጻሕፍት ሳምንት ማክሰኞ ላይ የሚከበረው፣ የተጀመረው ስለ ሠራተኞች ደመወዝ በሚሟገት የሙያ ማኅበር ክንፍ መሆኑ ሁለቱ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ያሳያል።

ምስጋናው እንዴት ይሁን? የተለመደው «የዓመቱ ምርጥ ሠራተኛ» ሽልማት አያረካኝም። ሽልማቱን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ በሩ አጠገብ ተቀምጦ አንባቢን በፈገግታ የሚቀበለው ነው፤ ምድር ቤት መጽሐፍ የሚጠግነውንና ከሌላ ኮሌጅ የታዘዘ መጽሐፍ አሽጎ የሚልከውን ማን አይቶት? የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሚያስተባብረው ብሔራዊ ሽልማት አንድ መልካም ነገር አለው፤ ዕጩውን የሚጠቁሙት አንባቢዎች ናቸው፣ ምን እንደተደረገላቸውም በዝርዝር ይጽፋሉ። ነገር ግን ዕጩው በሙያው የማስተርስ ዲግሪ ሊኖረው ይገባል። ዲግሪ የሌለው የመደርደሪያ ሠራተኛና ተማሪው ከደጅ ይቀራሉ። ኮሌጆች መንገዱን ወስደው አጥሩን ቢያፈርሱት መልካም ነው፤ አንባቢው ይጻፍ፣ የሚጻፍለትም ማንኛውም ሠራተኛ ይሁን።

የተሻለ ምሳሌ በአሜሪካዋ የኬንታኪ ግዛት ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1855 የተመሠረተው በሪያ ኮሌጅ ከ1892 ጀምሮ ተማሪዎቹን የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም። ሁሉም ተማሪ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራል፤ ሥራውም ይመዘናል፣ ከትምህርት ውጤቱ ጋር በሥራ መዝገብ ይሰፍርለታል። እዚያ ጋሪ የገፋ ልጅ የገፋው ጋሪ በታሪክ ትምህርት ካገኘው ውጤት ጎን ተጽፎ አብሮት ይወጣል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የምንለው ይኸው ነው። ለሚሄድ ሰው የሚሰጠው ምስጋና ይዞት የሚሄደው መሆን አለበት፤ ሥራውን በዝርዝር የሚናገር አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ከአሥር የፒዛ ግብዣ ይበልጣል።

በጣም የምወደው ልማድ ግን ሌላ ነው። በብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች፣ የሚመረቅ ተማሪ ሠራተኛ ከቤተ መጻሕፍቱ አንድ የሚወደውን መጽሐፍ ይመርጣል፤ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይም ስሙ የታተመበት ወረቀት ይለጠፍለታል። ይህን መጀመሪያ ስሰማ የታወሰኝ የአገሬ ብራና ነው። በብራና መጻሕፍታችን ላይ ለጻፈው፣ ላጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጎመውና ቃሉን ለሰማው ሁሉ ምሕረትን የሚለምን ጸሎት እናገኛለን። ቀደምቶቻችን መጽሐፍ የአንድ ደራሲ ብቻ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ጎንበስ ብሎ የጻፈው ቁም ጸሐፊ ስሙ ከባለጸጋው ስም ጋር በአንድ ገጽ ይውላል።

ይህን ልማድ ግን በዘመናዊው ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ አላሳደግነውም። የታሪክ ምሁሩን ሪቻርድ ፓንክረስትን የኢትዮጵያ ታሪክ የሚያነብ ሁሉ ያውቃቸዋል። ባለቤታቸው ሪታ ፓንክረስት በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ሠርተው፣ ኋላም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲን የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት መምራታቸውን የሚያነሣ ስንቱ ነው? መሪዋ እንዲህ ከተረሱ በእሳቸው ሥር ካርድ የጻፉትና መጽሐፍ የደረደሩት ሠራተኞች ስም የት ይገኛል? በእነዚያ መደርደሪያዎች መካከል ያጠኑ ምሁራን ብዙ መጻሕፍት ጽፈዋል። በየመቅድሞቻቸው አንዳንድ የደርዳሪ ስም ቢገባ ገጹ አይጠብም።

በአማርኛ ምግብ የቀረበለት ሰው «እጅሽ ይባረክ» ይላል። ምስጋናው ሠሪዋን፣ ያውም የሠራችበትን እጅ ለይቶ ይጠራል። ለቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች የምለውም ከዚህ አይርቅም። ሚያዝያ ከመድረሱ በፊት ደብተር ይዛችሁ ወደ ምድር ቤቱ፣ ወደ መደርደሪያው፣ ወደ ጥገና ክፍሉ ውረዱ። ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ስም ጎን፣ ስሙን በትክክል ጽፋችሁ፣ ዘንድሮ የሠራውን አንድ ነገር አስፍሩ። ካንዱ ስም ጎን የምትጽፉት ካጣችሁ የምስክር ወረቀቱን ለማተም አትቸኩሉ። ጋሪውን ይዛችሁ ከዚያ ሰው ጋር አንድ ከሰዓት ግፉ፤ የምትጽፉትን እዚያ ታገኙታላችሁ።