ተጨማሪው መጽሐፍ መቼ ይምጣ?



ባለፈው ክረምት ወደ ሐይቅ ሄጄ በእኅቴ ቤት ጥቂት ሳምንታት ተቀምጬ ነበር። ዝናቡ በበረታበት ማታ ሁሉ አራት ልጆች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው ሲጫወቱ አይ ነበር። ጨዋታቸው ገበጣም ካርታም አይደለም፤ በውጭ አገር የሚኖረው ታናሽ ወንድማችን በላከላቸው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የሚመራ የሚና ጨዋታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከልጆቹ አንዱ ተራኪ ይኾናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ሚና ይይዛሉ። ተራኪው «ከፊታችሁ ገደል አለ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እነርሱም ተማክረው ይመልሳሉ፤ ያሰቡት መሳካት አለመሳካቱን ግን ቍጥር የተጻፈበት ዳይስ ተጥሎ ይወስነዋል። ልጆቹ ሕጉን ከመጽሐፉ ወስደው አገሩን የራሳቸው አድርገውት ነበር፤ ታሪኩ የሚፈጸመው በሐይቁ ዳርና በአምባሰል ተራራ ነው። ከውጫሌ መጥቶ በዘመድ ቤት ተቀምጦ የሚማረው ልጅ ማሲንቆ ይዞ የሚዞር አዝማሪ ኾኖ፥ በአምባሰል ቅኝት የጠላትን ልብ እያራራ ጓደኞቹን ከጭንቅ ሲያወጣ መስማት ደስ ያሰኝ ነበር።

በነሐሴ መጀመሪያ ላይ ከዚያው ወንድማችን ሁለተኛ መጽሐፍ መጣ። ይህነን መጽሐፍ ያነበበው የእኅቴ ልጅ ብቻ ነው። በማግሥቱ የእርሱ ወታደር ከዚህ በፊት ያልነበረ ኀይል አግኝቶ ተነሣ፤ አዝማሪው ግን እንደ ቀድሞው ቀረ። የውጫሌው ልጅ «ይህ ሕግ ከየት መጣ?» ብሎ ቢጠይቅ «በአዲሱ መጽሐፍ ተጽፏል» ተባለ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ሳይመጣ ቀረ፤ ወንበሩም ባዶውን ዋለ። እኅቴም «ወንድም ጋሼ፥ ወንድማችን ሦስተኛ መጽሐፍ ልላክ ወይ ይላል፤ ምን ልበለው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ነገሩ የአንድ ቤት ጥያቄ ብቻ እንዳልኾነ የዚህ ጨዋታ ታሪክ ያስረዳል፤ ዓመታቱንም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር እናገራለሁ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን የመጀመሪያ ጨዋታ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1974 ሲያወጡት፥ በአንድ ሣጥን ውስጥ የተቀመጡ ሦስት ትናንሽ መጻሕፍት ብቻ ነበሩ። በ1975ና በ1976 ግን አራት ተጨማሪዎች ተከታተሉ። የመጀመሪያው ተጨማሪ ግሬይሆክ ይባላል፤ ቍልፍ የሚከፍተውንና በጥላ ውስጥ የሚሄደውን ሌባ ወደ ጨዋታው ያስገባ እርሱ ነው። ይህ ሚና ተጫዋቾች የወደዱት ስለ ኾነ እስከ ዛሬ ከዋናው መጽሐፍ አልወጣም። እንግዲህ መጨመር በራሱ ክፉ አይደለም።

ክፉው ያለ ልክ መጨመር ነው። ጨዋታውን ያሳትም የነበረው ቲ.ኤስ.አር. የተባለ ኩባንያ በ1990ዎቹ ዓመታት የየራሳቸው ዓለምና የየራሳቸው መጻሕፍት ያሏቸውን ብዙ ዘርፎች አከታትሎ አወጣ። አንዱን ዓለም የወደደ ሰው የሌላውን መጽሐፍ ስለማይገዛ ገዢዎቹ ተከፋፈሉ፤ ኩባንያውም ዕዳ በዝቶበት በ1997 ለዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት ተሸጠ። ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ነገር ግን የገዛ ደንበኞቹን በገዛ መጻሕፍቱ መከፋፈሉ ከውድቀቱ ምክንያቶች አንዱ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ።

ከዚህ በኋላ የኾነው ደግሞ ትምህርት ይሰጣል። በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ገና በሦስተኛ ዓመቱ በ2003 ስለ ታረመ፥ ገዢዎች አዲስ የነበረውን መጽሐፍ በሌላ መተካት ግድ ኾነባቸው። በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም ግን በዝግታ ሄደ። በየዓመቱ ጥቂት መጻሕፍት ቢወጡለትም፥ ሕጉን ለተጫዋቾች ሁሉ በሰፊው የሚጨምር መጽሐፍ የመጣው በ2017 ነው፤ ሁለተኛውም በ2020 ተከተለ። ዋናው መጽሐፍ በአዲስ የተተካው ከዐሥር ዓመት በኋላ በ2024 ነው። በዚህ ዝግታ ጨዋታው አልሞተም፤ እንዲያውም ከቀድሞው ይበልጥ ተስፋፋ።

የእኛም አገር ስለ መጨመር የሚያስተምረው አለ። ገበጣ ያለ መጽሐፍ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ በየአገሩ ልዩ ልዩ ዓይነት ወጥቶለታል፤ ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 ሰብስቦ ያሳተመው ጥናት ብዛቱን ያሳያል። አዲሱ ዓይነት ግን አሮጌውን አይሽርም፤ ሁለት ሰዎች ጠጠር ከማንሣታቸው በፊት በየትኛው እንደሚጫወቱ ተስማምተው ይጀምራሉ። ጨዋታን ከቅዱስ መጽሐፍ ጋር ማስተካከሌ አይደለም እንጂ፥ እዚያው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደግሞ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በእኛ አቈጣጠር በ1273 ዓ.ም. ያበረከቱት ወንጌል አለ። የመጻሕፍት ዝርዝርና ልዩ ልዩ መዝገብ ቢጨመርበትም፥ የተጨመረው በባዶው ስፍራ እንጂ በዋናው ቃል ምትክ አይደለም።

ስለዚህ ለእኅቴ የሰጠሁት ምክር ይህ ነው፤ ተመሳሳይ ጥያቄ ላለባቸው ወላጆችም ይጠቅም ይኾናል።

አንደኛ፥ የተጀመረው ታሪክ ሳይፈጸም አዲስ መጽሐፍ አይግባ። ልጆቹ ያላቸውን ተጫውተው ሲጨርሱና «ይህ ጐደለን» ብለው ራሳቸው ሲጠይቁ ያን ጊዜ ይምጣ። ጊዜውን ጠረጴዛው እንጂ መደብሩ አይወስነው።

ሁለተኛ፥ በአምስተኛው እትም ዘመን በማኅበር የሚጫወቱ ሰዎች ይዘውት የነበረው አንድ ደንብ መልካም ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱ ተጫዋች ለሚይዘው ሚና ዋናውን መጽሐፍና አንድ ተጨማሪ ብቻ እንዲጠቀም ነው። ይህ ብዙ መጽሐፍ ያለውንና የሌለውን ያቀራርባል፤ የወላጅንም ኪስ ይጠብቃል።

ሦስተኛና ዋነኛው፥ ተጨማሪው ሕግ በጠረጴዛው ለተቀመጡት ሁሉ በአማርኛ ተነቦ ሳይሰማ ሕግ አይኹን። አንዱ የሚያውቀውና ሌላው የማያውቀው ሕግ ጨዋታ መኾኑ ቀርቶ ወዳጅ የሚያርቅ አጥር ይኾናል።

እኅቴ ለወንድማችን «ሦስተኛው ይቈይ፤ የላክኸውን ገና አልጨረስነውም» ብላ ጻፈችለት። የእኅቴ ልጅም እንደ ማፈር ብሎ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ወደ ውጫሌው ልጅ ቤት ሄደ። ሁለቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ገጽ በገጽ እየተረጐሙ አነበቡ፤ ለአዝማሪውም የሚኾን አንድ ነገር እዚያው ውስጥ አገኙለት። ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት በነበረው ማታ ወንበሮቹ አራቱም ተይዘው ነበር።