በመከራ ጊዜ ማመስገን

በአገራችን ልማድ ሰው ስለ ደኅንነቱ ሲጠየቅ የመጀመሪያ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። የታመመውም፣ ያዘነውም፣ እንጀራ ያነሰውም ይህንኑ ይላል። ቃሉ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን በትሕትና የተነገረ መሆኑን እያንዳንዳችን ልንመረምር ይገባናል።

የዚህ ነገር መምህሮቻችን በባቢሎን ወደ እቶን እሳት የተጣሉት ሠለስቱ ደቂቅ፣ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ናቸው። ናቡከደነፆር ላቆመው የወርቅ ምስል ስገዱ በተባሉ ጊዜ፣ አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል፣ ባያድናቸውም እንኳ ለምስሉ እንደማይሰግዱ መለሱለት። ከእግዚአብሔር ጋር አልተዋዋሉም።

በእሳቱ መካከል የጸለዩትንም ጸሎት በዳዊት መጽሐፋችን፣ ከመዝሙራቱ ቀጥሎ በሚገኘው በጸሎተ ነቢያት ክፍል እናገኘዋለን። አዛርያ ነበልባሉ ገና ሳይበርድ እግዚአብሔርን ባረከ፤ ፍርዱም ቅን እንደ ሆነ መሰከረ። ስለ ራሱ ጽድቅ ግን አንዳች አልተናገረም። የሕዝቡን በደል እንደ ራሱ በደል አድርጎ ተናዘዘ፤ መሥዋዕት የሚያቀርብበት ስፍራ ስላልነበረም ትሑት ልቡ በመሥዋዕት ፈንታ እንዲቆጠርለት ለመነ። ሦስቱ በአንድነት ፀሐይንና ጨረቃን፣ ዝናምንና ጠልን፣ እሳቱንም ጭምር ለምስጋና የጠሩት ከዚህ በኋላ ነው።

በየቤታችን ግን «ተመስገን» የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ የትዕቢት መሸፈኛ ሲሆን እናያለን። ሥራ ያጣው አባት ጎረቤት ችግሩን እንዳያውቅበት ሲል «ተመስገን» ብሎ በሩን ይዘጋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፣ እግዚአብሔር በዘመድ፣ በዕድርተኛና በንስሓ አባት እጅ የሚልክለት ርዳታ ከደጁ ይመለሳል። ትሑት ሰው ግን አምላኩን ያመሰግናል፤ ችግሩንም ይናገራል።

እንዲሁም ልጁን ቀብሮ የተመለሰውን ሰው «አታልቅስ፤ አመስግን» ብሎ መገሠጽ አይገባም። ጌታችን ስለ አልዓዛር አልቅሷል፤ በመቃብሩም ዘንድ አባቱን አመስግኗል። ዕንባና ምስጋና በአንድ ስፍራ ተገኝተዋል። ስለዚህ ለኀዘንተኛው እህል ውሃ ይዘን ሄደን አብረነው እንቀመጥ፤ የምስጋናውን ጊዜ እርሱና አምላኩ ያውቁታል።

ማታ ቤተ ሰብ ለጸሎት ሲሰበሰብ አባትና እናት የጎደለውን ለልጆቻቸው እንደ ዕድሜያቸው ይንገሯቸው፤ ከዚያም ሁሉም በአንድነት ያመስግኑ። እንዲህ ያደገ ልጅ ምስጋና የጠገበ ሰው ቃል ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል፤ የመከራ ቀን ሲደርስበትም አፉ አይዘጋም።

ለዚህ ያብቃን። አሜን።