ሕክምናው ሲያበቃ የማያበቃው ጠባሳ

የጨረር ሕክምና ብዙ የካንሰር ሕሙማንን ከሞት ታድጓል፤ ይህን የሚክድ የለም። ሊካድ የማይገባው ሌላ እውነትም አለ። ጨረሩ ያለፈበት ጤናማ ሕብረ ሕዋስ፣ ሕክምናው ካበቃ ከወራት አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ፣ ሊጠነክርና ሊኮማተር ይችላል። ፋይብሮሲስ የሚባለው ይህ የውስጥ ጠባሳ የሚፈጠረው ቁስልን የሚጠግኑ ሕዋሳት ሥራቸውን ሳያቆሙ ቀርተው ኮላጅን የተባለውን ፕሮቲን ከመጠን በላይ ሲያከማቹ ነው። በዚህም ሳቢያ አንገቱን የታከመ አፉን መክፈትና መዋጥ ሊሳነው፣ ደረቱን የታከመ ትንፋሽ ሊያጥረው፣ ለማሕፀን በር ካንሰር የታከመች ሴት በፊኛዋ፣ በአንጀቷና በብልቷ ላይ ዘላቂ ጉዳት ሊደርስባት ይችላል።

የአሜሪካ ሕግ ይህን ጉዳት የሚያየው በቁንጽል ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የሴቶች ጤናና የካንሰር መብቶች ሕግ፣ ጡትን ለማስወገድ ለሚደረግ ቀዶ ሕክምና የሚከፍሉ የመድን ዕቅዶች፣ የሊምፍ እብጠትን ጨምሮ ቀዶ ሕክምናው ለሚያስከትላቸው አካላዊ ችግሮችም እንዲከፍሉ ያስገድዳል። ሜዲኬርም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የሊምፍ እብጠትን ለሚያስታግሱ ልዩ ልብሶች ይከፍላል። ሁለቱም በትግል የተገኙ ድሎች ናቸው። ሆኖም የሚናገሩት ስለ ቀዶ ሕክምናና ስለ እብጠት እንጂ ጨረር በመንጋጋ፣ በሳንባና በዳሌ ስለሚተወው ጠባሳ አይደለም። መብትን በአካል ክፍል መሸንሸን ፍትሕ ሊባል አይችልም።

ወጪው ይበዛል የሚል መከራከሪያ መነሣቱ አይቀርም። በጊዜ የተጀመረ የመዋጥ ልምምድ ግን በምግብ ቱቦ ከመኖር ለሕመምተኛውም ለከፋዩም ይሻላል።

ለአማርኛ ተናጋሪው ችግሩ ድርብ ነው። አስተርጓሚው «ጠባሳ» ሲል ሰሚው የሚያስበው ቆዳውን ነው፤ ውስጡ እየጠነከረ መሆኑን የሚነግረው የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና ሕግ አንቀጽ 1557 የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ የጤና ተቋማት የቋንቋ እርዳታ እንዲሰጡ ያዛል። ይህ ግዴታ በሕክምናው ቀን ተወስኖ መቅረት የለበትም።

ስለዚህ ሕግ አውጪዎች የሚከተሉትን ሊደነግጉ ይገባል፦

1. የመድን ዕቅዶች ጨረሩ ያረፈበትን የአካል ክፍል ሳይለዩ ለዘግይቶ መጥ ጠባሳ ምርመራና ሕክምና እንዲከፍሉ፤
2. የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ቁጥር በሕመምተኛው ፍላጎት እንጂ በዓመታዊ ጣሪያ እንዳይወሰን፤
3. እያንዳንዱ ታካሚ ሕክምናውን ሲጨርስ ወደፊት ሊጠብቃቸው የሚገቡ ምልክቶች የተዘረዘሩበት ጽሑፍ በሚገባው ቋንቋ እንዲሰጠው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እዚህ ግን በሽታውን የደበቀው ሕመምተኛው ሳይሆን ስሙን ሊጠራው ያልፈቀደው ሕግ ነው።