ሳይቃጠል በቅጠል፦ ስለ ሰፈራችን ጢስና ስለ ፕላዝማ



ባለፈው ስብሰባችን ስለ ጢሱ ጉዳይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተነጋግረን ሳንስማማ መበተናችን ይታወሳል። ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለው ማቃጠያ የሚለቀው ጢስ፣ በተለይ ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ወደ ታች እየወረደ በየቤታችን ይገባል። እንጀራ የሚጋግሩት እናቶቻችን የገዛ ምድጃቸው ጢስ አልበቃ ብሎ የሌላውን ጨምረው ይተነፍሳሉ። ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ አፍንጫቸውን በሹራባቸው ሸፍነው ነው የሚያልፉት። ይህን የማያውቅ በመካከላችን የለም።

በዚሁ ስብሰባ ላይ ከወጣቶቻችን አንዱ ተነሥቶ በስልኩ ያየውን ነገረን። ፕላዝማ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ጢሱን እንደ መብረቅ ባለ ኃይል እየመታ መርዙን ያጠፋል፤ ስለዚህ ለክፍለ ከተማው ደብዳቤ ጽፈን ይምጣልን አለ። ግማሹ ሰው አጨበጨበ። ሌላው “ይሄ ደግሞ የፈረንጅ ተረት ነው” ብሎ ሳቀ። በመጨረሻ አንድ አባት “እሺ ይምጣ፤ መሣሪያው እስኪመጣ ድረስስ ምን እንተነፍሳለን?” ብለው ጠየቁ። መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም። ይህን ጽሑፍ በሰሌዳችን ላይ ያወጣነው ለእኒያ አባት ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው።

በመጀመሪያ ለሳቁት ወገኖቻችን እንንገራቸው፦ ልጁ ያወራው ተረት አይደለም።

ለመሆኑ ፕላዝማ ምንድን ነው? ፕላዝማ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ነው። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ውሃ ሲበርድ በረዶ፣ ሲሞቅ እንፋሎት እንደሚሆን ሁሉ፣ ጋዝም ብርቱ ሙቀት ወይም ኤሌክትሪክ ሲያገኘው ኤሌክትሮኖቹ ይላቀቁና ሌላ ጠባይ ያመጣል። ይህ አራተኛው ጠባይ ፕላዝማ ይባላል። መብረቅ ፕላዝማ ነው። ከአስፋልቱ ዳር ያለው ብየዳ ቤት ውስጥ ዓይን የሚያጠፋው ብልጭታም ፕላዝማ ነው። በነጩ የፍሎረሰንት አምፖል ውስጥ ያለውም እንዲሁ።

የብየዳውና የአምፖሉ ልዩነት ደግሞ የሁለቱን ዓይነት መሣሪያዎች ልዩነት ያሳየናል። አንደኛው እንደ ብየዳው ያለ፣ ሙቀቱ ከ5,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚደርስ ትኩስ ፕላዝማ ነው፤ ቆሻሻውን ራሱን ወይም ከማቃጠያ የወጣውን አመድ አቅልጦ እንደ መስተዋት ያደርገዋል። ሁለተኛው እንደ አምፖሉ ያለ ቀዝቃዛ ፕላዝማ ነው፤ በጢስ መውጫው መንገድ ላይ ይገጠምና ኤሌክትሮኖቹ የመርዙን ሞለኪውል እንዲሰብሩ ያደርጋል። በጃፓን አገር በአንድ የከተማ ቆሻሻ ማቃጠያ ላይ፣ ከዚሁ ጋር በሚቀራረብ የኤሌክትሮን ጨረር በተደረገ ሙከራ፣ በጢሱ ውስጥ ከነበረው ዲዮክሲን 90 በመቶ ያህሉ ተሰብሯል። ጄራልድ ፎርድ በሚባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይም የመርከቡን ደረቅ ቆሻሻ በፕላዝማ የሚያጠፋ መሣሪያ ተገጥሟል። ስለዚህ ነገሩ አለ፤ ይሠራልም።

ዲዮክሲን የምንለው ከሁሉ የከፋው የጢስ መርዝ ነው። ክሎሪን ያለበት ነገር በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር፣ በተለይም ጢሱ ከ200 እስከ 450 ዲግሪ ባለው ሙቀት መካከል ቀስ እያለ ሲበርድ ይፈጠራል። በደንብ የተሠራ ማቃጠያ ጢሱን ቢያንስ ለ2 ሴኮንድ በ850 ዲግሪ አቆይቶ ያነደዋል፤ ከዚያ ባንድ ጊዜ ያበርደዋል፤ ቀጥሎ በኖራና በከሰል ዱቄት ያጥበዋል፤ በመጨረሻ በጨርቅ ከረጢት ያጣራዋል። ይህ ሁሉ ሲደረግ ጢሱ ይነጻል፤ መርዙ ግን ከአመዱ ጋር ይቀራል። የፕላዝማ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ መርዙን ከጢስ ወደ አመድ ማዛወር ብቻ ሳይሆን ይሰብረዋል። ለወጣቶቻችን ይህን እንመሰክርላቸዋለን።

አሁን ደግሞ ላጨበጨቡት ወገኖቻችን የምንለው አለን።

አንደኛ፣ የእኛ ጤና ጣቢያ ማቃጠያ በጡብ የተሠራ ምድጃና አንድ ቱቦ ነው። ማጠቢያ የለው፣ ማጣሪያ የለው። ጢስ ላይ የሚገጠም ፕላዝማ አቧራና ጥላሸት ከተለቀመ በኋላ የሚመጣ የመጨረሻ ሥራ ነው። ባልታጠበ ገላ ላይ ሽቶ ማርከፍከፍ እንዳይሆንብን እንፈራለን።

ሁለተኛ፣ ፕላዝማ በኤሌክትሪክ ነው የሚኖረው። መብራት በሄደ ቁጥር እንጀራችን ሊጥ ሆኖ እንደሚቀር ሁላችን እናውቃለን። ኤሌክትሪኩ ተቋርጦ ምድጃው ግን እየነደደ ከቀጠለ መርዙ እንደ ድሮው ሰተት ብሎ ይወጣል።

ሦስተኛ፣ ፕላዝማ ሁሉን አያጠፋም። ሞለኪውል ይሰበራል፤ እርሳስና ሜርኩሪ ግን ንጥረ ነገር ስለሆኑ አይሰበሩም። ከተሰበረ ቴርሞሜትር የፈሰሰ ሜርኩሪ በመብረቅም ቢመታ ያው ሜርኩሪ ነው። በጣም ትኩስ የሆነው ዓይነት ደግሞ አየሩን ራሱን እያቃጠለ ሳንባ የሚጎዳ የናይትሮጅን ጋዝ ሊፈጥር ስለሚችል እሱም ራሱን የቻለ ማጽጃ ያስፈልገዋል።

አራተኛ፣ ባለጸጎቹም ተሰናክለውበታል። በእንግሊዝ አገር ቲስ ቫሊ በሚባል ቦታ የከተማ ቆሻሻን በፕላዝማ ወደ ጋዝ የሚለውጡ ሁለት ትልልቅ ፋብሪካዎች ተጀምረው ነበር፤ ኩባንያው እጅግ ብዙ ገንዘብ ካፈሰሰ በኋላ አልሠራ ስላለው እ.ኤ.አ. በ2016 ትቶት ወጣ። ይህን የምንናገረው ወጣቱን ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ነገር ግን ገንዘብና መሐንዲስ የሞላው አገር ያቃተውን እኛ በአንድ ደብዳቤ እናገኘዋለን ብለን እጃችንን አጣጥፈን እንዳንቀመጥ ነው።

የአዲስ አበባ ሰው የቆሻሻን ነገር አቅልሎ ማየት አይችልም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ ከ50 ዓመት በላይ ሲከመር የኖረው ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀብሯል። ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ረጲ አጠገብ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ፋብሪካ ተመረቀ። ያ ፋብሪካ በቀን እስከ 1,400 ቶን እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ሲሆን የጢስ ማጣሪያ ያለው የተለመደ ማቃጠያ ነው እንጂ ፕላዝማ አይደለም። የከተማ ቆሻሻ እንኳ አስቀድሞ የሚፈልገው በደንብ የሚነድ ምድጃና ማጣሪያ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ግለ ሂስ የምናደርግበት ሰዓት ነው።

ለእንቁጣጣሽ ባካሄድነው የጽዳት ዘመቻ ከየደጃፉ የጠረግነውን ቆሻሻ የት አደረስነው? ወንዝ ዳር ከምረን እሳት ለኮስንበት። ፌስታሉ፣ የተቀደደው የፕላስቲክ ጫማ፣ የቱቦው ቁራጭ፣ ሁሉም ባንድ ላይ ነደደ። አካፋችንን ትከሻችን ላይ አድርገን ፎቶ ተነሣንበት። ይህን ያደረገው ጤና ጣቢያው አይደለም፤ እኛው የማኅበሩ ኮሚቴ ነን። ሳምንት ሳይሞላ ዶሮዎች አመዱን ሲጭሩበት፣ የወተት ላሞች በዙሪያው ሲግጡ አይተን ዝም አልን።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ሰው ወደ ሰውነቱ ከሚያስገባው ዲዮክሲን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚመጣው ከምግብ፣ በተለይም ከሥጋ፣ ከወተትና ከዓሣ ነው። መርዙ በአየር ሄዶ ሣር ላይ ያርፋል፤ ላሚቱ ትግጠዋለች፤ ወተቱን ለልጃችን እናጠጣዋለን። አንዴ ከገባ ደግሞ ግማሹ እንኳ ከሰውነት ለመውጣት ከ7 እስከ 11 ዓመት ይፈጅበታል። በአሜሪካ አገር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ ቆሻሻቸውን በየቀኑ በበርሜል የሚያቃጥሉ ከ2 እስከ 40 የሚሆኑ ቤተሰቦች፣ በቀን 182 ቶን ከሚያቃጥል ጢሱ ከሚጣራ የከተማ ማቃጠያ ጋር የሚተካከል ዲዮክሲን ሊለቁ እንደሚችሉ አመልክተዋል። ሰፈራችን ውስጥ ጠዋት ጠዋት ደጃፉ ላይ ቆሻሻ የሚያነድ ስንት ቤት አለ? እያንዳንዳችን እንቁጠር።

ከዚህ የባሰም አለ። ለቆራሌው የሚሸጥ መዳብ ለማውጣት የኤሌክትሪክ ገመድ ድልድዩ ሥር የሚያቃጥሉ ልጆች አሉን። የገመዱ ልባስ ፒቪሲ የሚባል ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ ነው፤ መዳቡ ደግሞ ዲዮክሲን እንዲፈጠር ያግዛል። ኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. ያጸደቀችው የስቶክሆልም ስምምነት ከዲዮክሲን ምንጮች መካከል ሜዳ ላይ ቆሻሻ ማቃጠልንና የመዳብ ገመድ ማቃጠልን በስም ጠቅሶ ያስቀምጣል። ልጆቹ ግን ለእንጀራ ብለው ነው። ስለዚህ በዱላ ከማባረር ይልቅ ልባሱን በቢላዋ እየላጡ እንዲያወጡት ማስተማርና መላጫውን ገዝቶ መስጠት ይሻላል። ይህ ከማኅበሩ ካዝና አቅም በላይ አይደለም።

እንግዲህ “እስኪመጣ ድረስስ ምን እንተነፍሳለን?” ላሉት አባት መልሳችን የሚከተለው ነው።

1ኛ. ከዛሬ ጀምሮ ማኅበራችን በጽዳት ዘመቻ አንድ ክብሪት አይጭርም። የተጠረገው ሁሉ በጋሪ ተጭኖ ወደ ገንዳው ይሄዳል። ደጃፉ ላይ የሚያቃጥል ጎረቤት ካለ አስቀድመን በሽማግሌ እንነግረዋለን።

2ኛ. ከጤና ጣቢያው ጋር በጠብ ሳይሆን በመግባባት እንነጋገራለን። እዚያ የሚሠሩት ልጆቻችን ናቸው፤ የተወለድንበት፣ ልጆቻችንን ያስከተብንበት ቤት ነው። የምንጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ወረቀትና ካርቶን፣ እንዲሁም ከፒቪሲ የተሠሩ ቱቦዎችና ከረጢቶች ለየብቻ ተለይተው ምድጃ እንዳይገቡ፤ ምድጃው ሳይግል ቆሻሻ እንዳይጨመርበት፤ ማለዳም እንዳይለኮስ። ቀጥሎም ደም የነካውን ቆሻሻ በእንፋሎት የሚያመክን ትልቅ አውቶክሌቭ እንዲሰጣቸው ለክፍለ ከተማው አብረን እንጽፋለን። በ134 ዲግሪ እንፋሎት ጀርም ይሞታል፤ ዲዮክሲን ግን አይፈጠርም። መብራት ቢጠፋ እንኳ ሥራው ይቆማል እንጂ መርዝ አይለቅም።

3ኛ. የፕላዝማው ደብዳቤ አይቀደድም። ነገር ግን ለሰፈር ምድጃ ሳይሆን ለከተማው ትልቅ ማቃጠያ አመድ መጠየቅ ያለበት ነገር ነው። ማንም መሣሪያ ይዞ ሊሸጥልን ቢመጣም አራት ጥያቄ እንጠይቀው፦ የጢሱን ልኬት ማን ይለካል? ውጤቱስ እዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል ወይ? መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? አመዱ የት ይሄዳል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሰው የሚሸጠው መሣሪያ ሳይሆን ተስፋ ነው።

ወጣቱ ወንድማችን ነገሩን ስላነሣልን እናመሰግነዋለን። እሱ ባይናገር ኖሮ ስለ ጢሱ አጉረምርመን ዝም እንል ነበር። የጥናት ቡድኑ ሰብሳቢ እንዲሆንም ሐሳብ እናቀርባለን። የሳቁትም ይምጡ፣ ያጨበጨቡትም ይምጡ። ገመድ የሚያቃጥሉትን ልጆች ይዞ የሚመጣ ሰው ደግሞ ከሁሉም በላይ ምስጋና አለው።

የፊታችን እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት በዕድሩ አዳራሽ እንገናኝ። አበው “ሳይቃጠል በቅጠል” ያሉት እሳት ከተነሣ በኋላ ለማጥፋት ከመሯሯጥ በፊት በቀላሉ መከላከል ይሻላል ሲሉ ነው። ያልተቃጠለ ፕላስቲክ ዲዮክሲን የለውም፤ ፕላዝማም አያስፈልገውም።

የነዋሪዎች ማኅበሩ ኮሚቴ