ጎረቤት ሳይሰማ የሚሰጥ ፈቃድ

ባለፈው ክረምት ከአክስቴ አጥር ሥር አንድ ኤክስካቫተር በማለዳ ቁፋሮ ጀመረ። ባለቦታው የግንባታ ፈቃድ አውጥቷል፤ አክስቴ ግን ነገሩን ያወቀችው አክንባሎዋ ሲንቀጠቀጥ ነው። በሦስተኛው ቀን የጓዳዋ ግድግዳ ከማዕዘኑ እስከ መስኮቱ ተሰነጠቀ። ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ብትሄድ «ፈቃድ አላቸው፣ እማማ» ተብላ ተመለሰች። ፈቃድ መኖሩንማ እርስዋ መች ካደች!

ከሁሉ የሚያስቆጨው ግን ይህ ነው። በአጥሩ ሥር በአባትዋ ዘመን የተደፈነ የመጸዳጃ ጉድጓድ እንዳለ አክስቴ ታውቅ ነበር። አፈሩ የተናደውም በዚያው በኩል ነው። መሐንዲሱ አስቀድሞ ቢጠይቃት ኖሮ አንድ ስኒ ቡና ጠጥቶ ይህን ዕውቀት በነፃ ይዞ በሄደ ነበር። በካርታ ላይ ያልተጻፈውን የመሬት ታሪክ የሚያውቀው አጠገቡ የኖረ ሰው ነውና።

ሕጋችን ስለ ጉርብትና ዝም አላለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለሀብት በጎረቤቱ ላይ ጉዳት ወይም ሁከት እንዳያደርስ ይከለክላል፤ ጢሱን፣ ሽታውን፣ ጩኸቱንና ንዝረቱን ሳይቀር ይቈጥራል። ይሁን እንጂ ጎረቤት አስቀድሞ ካልሰማ ወደ ዳኛ የሚሄደው ግድግዳው ከተሰነጠቀ በኋላ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲጠየቁ መብት ሰጥቷል። አጥር የሚያናጋ ቁፋሮ ካልነካን ምን ሊነካን ነው?

በካሊፎርኒያ ለልዩ የቦታ አጠቃቀም ፈቃድ ጉባኤ ሲጠራ በ300 ጫማ ውስጥ ላሉ ባለንብረቶች ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ማስታወቂያ በፖስታ ይላካል። እኔ ግን የእንግሊዝን እመርጣለሁ። እዚያ ለተራ ማመልከቻ እንኳ ማስታወቂያው በቦታው ለ21 ቀን ይለጠፋል፣ ወይም ለአዋሳኙ ባለቤት ወይም ነዋሪ ይላካል። «ወይም ነዋሪ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ ወዲህ በአዲስ አበባ ብዙ ሰው የኖረው በቀበሌ ቤት ነው። ለባለንብረት ብቻ ይነገር ካልን መንግሥት ለራሱ ደብዳቤ ጽፎ ተከራዩ ሳይሰማ ይቀራል። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የእንግሊዝ የጋራ ግድግዳ ሕግ ከጎረቤት ሕንፃ በ3 ሜትር ውስጥ ከመሠረቱ የጠለቀ ቁፋሮ የሚቈፍር ሰው ከአንድ ወር በፊት በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ያስገድዳል።

የምህንድስና ጓደኞቼ «ምቀኛው ብዙ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ከተጠየቀ አንድም ፎቅ አይሠራም» ይሉኛል። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ እሺታውን በገንዘብ የሚሸጥ ጎረቤት አይጠፋም። ነገር ግን መስማትና መከልከል ለየቅል ናቸው። የምጠይቀው ፈቃዱ ሳይፈረም የቁፋሮው ጥልቀት፣ የሥራው ሰዓትና አቤቱታ የሚቀበለው ሰው በአጥሩ ላይ እንዲለጠፍ፣ የጎረቤቱም ቃል ከፋይሉ ጋር እንዲያያዝ ነው። ውሳኔው የሹሙ ይሁን፤ ግን ሰምቶ ይወስን።

አክስቴ ስንጥቁን በጭቃና በጭድ መርጋዋለች። ኤክስካቫተሩ ሄዶ አሁን የሚጮኸው የኮንክሪት ማደባለቂያው ነው። ሕንፃው ስንት ፎቅ እንደሚሆን እስከ ዛሬ የነገራት የለም።