የጠፋ መፍቻ ዋጋው ስንት ነው?

የጋራዥ ባለቤት የመፍቻ ስብስብ ለመግዛት መርካቶ ሲወርድ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ይከራከራል። ዕቃው ጋራዥ ከገባ በኋላ ግን መፍቻው፣ ካቻቢቴው፣ ፒንሳውና መዶሻው በአንድ ሣጥን ተደበላልቆ ይጣላል። በክርክር የተረፈው ብር በፍለጋ ያልቃል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ስድስት ሠራተኞች እያንዳንዳቸው በቀን 20 ደቂቃ መሣሪያ ቢፈልጉ በቀን 2 ሰዓት፣ በ26 የሥራ ቀናት ደግሞ 52 ሰዓት ይባክናል። በቀን 8 ሰዓት ሲታሰብ የአንድ ሠራተኛ የስድስት ቀን ተኩል ደመወዝ መሆኑ ነው። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። 13 ቁጥር መፍቻ ያጣ ሠራተኛ በ14 ቁጥር ሲታገል የቡሎኑ ራስ ይበላል፤ ኪሣራው ለደንበኛም ይተርፋል።

«መካኒኩ የዕቃውን ቦታ ያውቀዋል» የሚሉ ባለቤቶች አሉ። መካኒኩ የቀረ ዕለት ግን ዕውቀቱም አብሮት ይቀራል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የተቋቋመው የካይዘን ኢንስቲትዩት በየፋብሪካው ያስተማረው የጃፓኖች አሠራር በማጣራት ይጀምራል፤ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ ይከተላሉ። በጋራዥ ቋንቋ ሲነገር፣ የተሰበረው ይወገድ፤ መፍቻ በቁጥር ተራ ይደርደር፤ የዘወትሩ ከላይ፣ አልፎ አልፎ የሚፈለገው ከታች ይሁን፤ በግድግዳ ጣውላ ላይ የየመሣሪያው ቅርጽ በቀለም ይሣል። ማታ ባዶ የቀረ ቅርጽ የጎደለውን ዕቃ ራሱ ይናገራል። ያን ጊዜ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በዕለቱ ይታወቃል፤ ያላጠፋ ሠራተኛም ደመወዙ አይቆረጥም።

ለመሣሪያ ብዙ ብር ያወጣ ባለሀብት ለማስቀመጫው ግማሽ ቀን አይንፈግ።